እጅጌ ከየት ይጀመራል

ተመልካቾቿ እትዬ መቀስ ይሏት ነበር። ፊቷን አይተውት አያውቁም። በቪዲዮዎቿ የሚታየው ጠረጴዛ፣ ጨርቅና ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ የቀረው ድምጿ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃ ተወጥቶ የምትገኘው አንዲት ክፍል መኖሪያዋም መሥሪያዋም ነበረች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የእህቷ ልጅ ስልኩን መቆሚያ ላይ ሰክታ፣ "አክስቴ፣ በቃ ለእኔ እንደምታስረጂኝ አድርገሽ አውሪ" ብላ አስጀመረቻት። የመጀመሪያው ቀን ስለ ኮሌታ አቆራረጥ ነበር። ሃያ ሰባት ደቂቃ ፈጀ።

ማን ሊያይልኝ ብላ ነበር። አዩላት። በሦስተኛው ዓመት አርባ ሺህ ተከታይ ነበራት፤ አንድ ቪዲዮ ስታወጣ የያዘችውን ሻይ ሳትጨርስ አስተያየቱ ይጎርፋል። "እትዬ፣ ዚፑ ጠመመብኝ።" "እትዬ፣ እናቴ ጎበጥ ትላለች፣ ጀርባዋን እንዴት ልለካት?" ሁሉንም በአንድ ጣት ፊደል እየለቀመች ትመልሳለች። ብቻዋን የምትኖር ሴት መሆኗን የረሳችው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ከሁሉ ቀድመው የሚጽፉላት ግን አንድ ሰው ነበሩ። እሳቸውም ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እዚያው የቪዲዮ ገጽ ላይ የኮት አሠራር ያስተምራሉ። ስለ ገበር አውርተው ስለማይጠግቡ ሰዉ ባለገበሩ ይላቸዋል። እሷ እጅጌ ስትገጥም ከትከሻ ትጀምራለች፤ እሳቸው ከብብት።

"እህቴ፣ ጨርቁን አታስለቅሺው። ከብብት ጀምሪ" ይሏታል።

"ጋሼ፣ ሰው የሚያየው ትከሻን ነው። ብብትን ማን ያያል?"

"የለበሰው ያውቀዋል።"

ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ተከራከሩ። አንዳቸውም አልተረቱም።

ከዚያ ገጹ ራሱ ይታመም ጀመር። መጀመሪያ ማስታወቂያው በዛ፤ ክሩን መርፌ ውስጥ ሳታስገባ ሦስት ጊዜ ያቋርጣታል። ቀጥሎ ድምፅና ምስል ተለያዩ፤ እጇ ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ድምጿ "አሁን እንቆርጣለን" ይላል። ለባለቤቶቹ ጻፈች። "መልእክትዎ ደርሶናል" አሏት። ደግማ ጻፈች፤ ያችው መልስ መጣች። ሰዉም ጥርግ እያለ አጫጭር ቪዲዮ ብቻ ወደሚወጣበት አዲስ ገጽ ሄደ። ማንም ደህና ሁኚ አላላትም፤ ለነገሩ ማን ይላል? ባለገበሩም አዲስ ነገር ማውጣት አቆሙ፤ አስተያየታቸው ግን አልቀረም ነበር። አንድ ማለዳ ያ አስተያየት መጻፊያው ራሱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ቁጥር ብቻ ቀረላት። ሠላሳ ሰው አይቷል ይላል ቁጥሩ፤ ሠላሳው ማን እንደሆነ አይናገርም።

እሷ ግን በየሳምንቱ ማውጣቷን ቀጠለች። "እንደምን አላችሁ" ብላ ትጀምራለች፤ የሚመልስላት እንደሌለ እያወቀች ትንሽ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ትቆርጣለች።

በዓመቱ ከገጹ ባለቤቶች መልእክት መጣ። አገልግሎቱ ከሠላሳ ቀን በኋላ ያበቃል ይላል። የእህቷን ልጅ ጠራቻት። ልጅቷ አሁን ቢሮ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ ቪዲዮዎቹን ሁሉ በአንዲት ትንሽ ፍላሽ ላይ ገለበጠችላት።

"ይኸው፣ ሁሉም አለ። አንድም አልጠፋም" አለቻት።

"አስተያየቶቹስ?"

"እነሱማ ከተዘጉ ቆዩ፣ አክስቴ። አይወጡም።" ቀና ብላ አየቻት። "ወደ አዲሱ እንውሰድሽ። እዚያ ሰው አለ። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልጉት።"

"ኮሌታ በአንድ ደቂቃ?"

"እናሳጥረዋለን። ድምፁንም እናነሳና ሙዚቃ እናደርግበታለን።"

አንዱን ሞከሩት። እትዬ መቀስ የራሷን እጆች በሙዚቃ ሲጣደፉ አየች። የሌላ ሰው እጅ መሰሏት። "ተዪው የኔ ልጅ" አለች። "ይሄ ሰው አያስተምርም።"

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ነው ነገሩ ዱብ ያለባት፤ የባለገበሩን ስም አታውቅም። ከተማቸውን አታውቅም። ስድስት ዓመት የተጨቃጨቀችውን ሰው መንገድ ላይ ብታገኘው ታልፈዋለች።

በማግስቱ የመጨረሻ ቪዲዮዋን ቀዳች። ጨርቅ አልያዘችም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ካሉ ይደውሉልኝ" አለችና ስልክ ቁጥሯን ሁለት ጊዜ ተናገረች። የእህቷ ልጅ ሰምታ፣ "ቁጥርሽን ለዓለም ትሰጫለሽ እንዴ!" ብላ ተቆጣች። ዓለም የተባለው አሥራ አንድ ሰው ነበር።

ሦስት ሰው ደወለ። አንዱ የቤት ዕቃ ሻጭ ነው። አንዷ መጋረጃ ታሳጥሪልኛለሽ ወይ ያለች ሴት። ሦስተኛው ገጹ ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው፣ እሷ ቁልፍ እየተከለች ሳለ ደወለ።

"እህቴ" አለ ድምፁ። ወዲያው አወቀችው።

"ጋሼ! አሉ እንዴ!"

"አለሁ። ምራቴ ናት ቁጥሩን የጻፈችልኝ። ዓይኔ እምቢ ካለ ሁለት ዓመት አለፈው፤ አስተያየቱንም እሷ ነበረች የምትጽፍልኝ። አላይሽም፣ እሰማሻለሁ እንጂ።"

"ይማርዎት" አለች። እሳቸው "አሜን" አሉ። ስለ ጤና ጠየቀች፤ ስለ ቤቷ ጠየቁ። ስለ ሥራ ሲያነሱ "እኔማ መርፌ ከጣልኩ ቆየሁ" አሉ። ያን ሁሉ ዓመት በአፏ ሞልቶ የነበረው ክርክር እንዲህ ላለ ሰው የሚነሳ አልመሰላትም። ስምንት ደቂቃ አወሩ።

ሌላ ጊዜም ደወለች። ያኛው ከመጀመሪያው አጠረ። ስለ አየሩ አወሩ። በሦስተኛው ምራቲቱ አንሥታ፣ "ተኝተዋል፣ ሲነሡ እነግራቸዋለሁ" አለቻት። መልሰው አልደወሉም፤ እሷም አልቀየመቻቸውም። በጽሑፍ ጎራዴ መማዘዝ የለመዱ ሁለት ሰዎች በስልክ እንግዳ ሆነው ነበር። መፋቀር አይሉት ወዳጅነት፣ የነበራቸው ነገር ያች እጅጌ ነበረች፤ ያለ እሷ መያዣ አጡ።

ገጹ በተባለው ቀን ረፋድ ላይ ተዘጋ። ስልኩ ላይ ነጭ ብቻ ሆነ። እትዬ መቀስ ጥቂት አየችውና ወደ ደንበኛዋ ኮት ተመለሰች።

እሑድ የእህቷ ልጅ መጣች። እትዬ መቀስ እጅጌ እየገጠመች ነበር። ከብብት ጀምራ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ከትከሻው ስትደርስ ጨርቁ ተረፋት። ፈታችው።

"ትንሽ ቁጭ ብለሽ ታይኛለሽ?" አለቻት።

"ምን ልይ?"

"ምንም። ስሳሳት ንገሪኝ።"

ልጅቷ ሳቀች። "እኔ ምን አውቄ አክስቴ!" ግን በርጩማውን ስባ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ስልኳ ጮኸ፤ አየችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እትዬ መቀስ ድምጿን ጠረገች፤ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው መናገር ግን አልመጣላትም። መስፋቷን ቀጠለች፤ ልጅቷም አየች፤ አሥር ሰዓት ሆኖ መሄጃዋ እስኪደርስ ድረስ።