ወንድም ለእህቱ የማይናገረው

ሉፔ የአንዲት ሕፃን ክንድ ላይ ፋሻ እያሰረች ሳለ ታናሽ ወንድሟ ፌኪ ጤና ጣቢያው በር ላይ ብቅ አለና፣ እሷን ሲያይ ወደኋላ ተመለሰ። ሚስቱ ሴላ ግን እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

"ዛሬስ አትሄዳትም! እዚህ ድረስ የጎተትኩህ ባሕር ላሳይህ መሰለህ?"

"ቀስ በይ፣ እህቴ ትሰማለች።"

"ትስማ!"

ሉፔ ሰምታለች። ፌኪ የአንጀት ካንሰሩን በዋና ከተማው በቀዶ ጥገና ካስወጣ ዓመት አልፎታል። ሐኪሙ ደሙን በየጊዜው እንዲመረመር፣ ዓመት ሲሞላው ደግሞ አንጀቱን በመሣሪያ እንዲታይ አጥብቆ አዞት ነበር። የትንሿ ደሴታቸው ጤና መኮንን እስኪዛወር ድረስ ፌኪ አንድም ቀጠሮ አላጓደለም። የጤና ጣቢያው ነርስ ሉፔ ብቻዋን ስትቀር ግን ደብዛው ጠፋ። በቶንጋ ደሴቶች ባህል ወንድምና እህት አንድ ምንጣፍ ላይ አይቀመጡም፤ ስለ ገላ አያወሩም። ስለ ሰገራማ እንዴት ተደርጎ! ሌላ ሰው ቢሆን ሉፔ ቤቱ ድረስ ሄዳ ጆሮውን ይዛ ታመጣው ነበር። ወንድሟን ግን አፈረችው። 'ከተማ እየሄደ ይታይ ይሆናል' እያለች ራሷን ስታታልል ከረመች።

ሴላ ገብታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እትዬ ሉፔ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰውነቱ አለቀ። ሱሪው በገመድ ነው የቆመው።"

"ደም ይፈሰዋል?"

"የለም ይላል። ውሸቱን ነው፤ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ።"

ሉፔ ሕፃኗን ከእናቷ ጋር ሸኝታ ፌኪን በመጋረጃ የተከለለው አልጋ ላይ እንዲቀመጥ አደረገችው። እሷ ከመጋረጃው ወዲህ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ብትጠይቀው በኀፍረት ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል፤ ባትጠይቀው ደግሞ ይሞትባታል።

"ፌኪ፣ አሁን እህትህ አይደለሁም። ነርስ ነኝ።"

"እንዴት ሆኖ እትዬ?"

"እንደዚያ ነው። ሰገራህ ላይ ደም አለ?"

አልጋው ሲጢጥ ሲል ተሰማት። ሄደ ብላ ደነገጠች።

"አለ።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከገና ወዲህ።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?"

"ለማን ልናገር? ያለሽው አንቺ።"

ሉፔ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ ፌኪ ዐይኑን ጨፈነ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ነክታው የማታውቀውን ሆዱን ዳሰሰችው። ከቀኝ ጎኑ አጥንት ሥር፣ ጉበቱ ላይ፣ እጇ ጠጣር ነገር አገኘ። ካንሰሩ መዛመቱን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለጋትም። በመከባበር ስም የያዙት ዝምታ ምን እንዳስከፈለው ገባትና እንባዋ መጣ።

"መጥፎ ነው?" አለ ዐይኑን ሳይገልጥ።

"ከተማ ሄደህ መታየት አለብህ። ዛሬውኑ።"

ሴላ ልብሱን ልትይዝ ስትነሣ ሉፔ አስቆመቻት። "አንቺ ከልጆቹ ጋር ሁኚ። እኔ እወስደዋለሁ።"

"እርስዎ? ሰው ምን ይላል?"

"ያሻውን ይበል።"

ለጤና ቢሮው ደውላ ተተኪ እንዲልኩላት ጠየቀችና በሩን ቆለፈች። ወደ ከተማ በሚሄደው ጀልባ ላይ ተሳፋሪ ሴቶች ከፊት ቦታ ለቀቁላት። እሷ ግን አልፋቸው ሄዳ ፌኪ የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ አረፍ አለች። ፌኪ ደንግጦ ሊነሣ ሲል ክንዱን ያዘችው።

"ተቀመጥ። ሐኪሙ ሲጠይቅህም አጠገብህ ነኝ።"

ሰው ሁሉ እያያቸው ነበር። ፌኪ ጠጋ ብሎ ቦታ አሰፋላት።