ወንዝ የለመደ ሞተር

ባሌ በድረዲን ሲሞት ሁለት ነገር ትቶልኝ ሄደ፤ ሞተሩ የተቃጠለ አውቶቡስና ወንድሙን። አውቶቡሱን እወደው ነበር።

መጀመሪያ የጭነት መኪና ነበር። በድረዲን ኮምቦልቻ ወስዶ ቦዲ አሠራለት፤ ወንበር አስገጠመ፤ ጣራው ላይ ለፍየልና ለማሽላ መጫኛ አበጀና አውቶቡስ አደረገው። ከቆቦ ዋጃ፣ ከዋጃ አላማጣ፣ ገበያ ሲሆን ዳገቱን ወጥተን እስከ ኮረም ዘጠኝ ዓመት አብሬው ተመላለስኩ። ቲኬት የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ወንበሬ ከሞተሩ ክዳን አጠገብ ስለነበር ሞተሩ ሲደክም፣ ሲጠማ፣ ሲታመም ከሹፌሩ በፊት እሰማ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። በኋላ «ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች» ያሉኝ ሽማግሌዎች ሁሉ ከእኔው እጅ ቲኬት እየተቀበሉ የሄዱ ስለሆኑ ነው።

በ1975 ዓ.ም. ነሐሴ ሞተሩ ዋጃ መግቢያ ላይ ነደደ። በወሩ በድረዲንን ወባ ወሰደው። ዒዳዬን፣ አራት ወር ከአሥር ቀኔን፣ ቤቴ ተቀምጬ ሳልጨርስ ደግሞ ደብዳቤ መጣ፦ አውቶቡሱ እስከ የካቲት መጨረሻ ሥራ ካልጀመረ ስምሪቱ ተሰርዞ መስመሩ ለሌላ ይሰጣል። መስመር የሌለው አውቶቡስ የዶሮ ማደሪያ ነው። እኔም ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም።

አያ ሐድጉ፣ የአላማጣው መካኒክ፣ አንድ ሞተር አፈላለገልኝ። ወደ ኮረም በሚያወጣው በግራት ካሕሱ ዳገት ላይ ገደል የገባ የጭነት መኪና ሞተር ነው። ዝገት የበላው፣ ክዳኑ የተጣመመ መሆኑን አልደበቀኝም።

«መልኩን አትዪ» አለኝ። «ሙሉ ጭነት ይዞ ያንን ዳገት ሲወጣ የኖረ ሞተር ነው። መኪናውን ገደል የከተተው ፍሬኑ ነው እንጂ ሞተሩ አይደለም።»

ድሪዬን ብሸጥ ይገዛዋል። ልቤ እዚያው ላይ አረፈ።

ከማሉዲን ግን የራሱ ሞተር ነበረው። ከማሉዲን የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው፤ የቀበሌ ኮሚቴ አባልም ነበር። ሞተሩ ከመሬት አዋጁ በፊት ጎሊና ወንዝ ዳር የአንድ ባለመሬት ጥጥ ያጠጣ የነበረ የውሃ መሳቢያ ነው። እንዴት የከማሉዲን መጋዘን እንደገባ የሚጠይቅ ደፋር አልነበረም። አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ አሳምሮታል። ዒዳዬ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ላከ፦ የሟች ወንድሙን ሚስት ያገባል፤ መህሩም፣ ለሙሽራ የሚሰጠው ጥሎሽ፣ ሞተሩ ነው። አውቶቡሱ ይነሣል፣ ቤቱ ይቆማል። የሚነዳው የእሱ ሰው፣ ቲኬት የሚቆርጠው የእሱ ሰው፣ እኔ ጓዳ።

የሐድጉን ሞተር እንደምፈልግ ስናገር ከማሉዲን ሳቀና «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አለ። ሽማግሌዎቹም ተከትለውት ሳቁ። አላህ የእጃቸውን ይስጣቸው፤ ያ ሳቅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

የሽማግሌዎቹ አውራ ሸህ ሙሀመድሰይድ ናቸው። «እንከን ያለበት ነገር መህር አይሆንም» አሉ። «በሬም ሲገዛ ጥርሱ ይታያል። ሞተሩ ተነሥቶ እንየው።» ስለ ሞተሩ እንከን ይህን ያህል ተጨነቁ፤ ስለ እኔ ፈቃድ ግን አንድም ሰው አላነሣም።

በማግስቱ ሞተሩን በጋሪ አምጥተው ግቢዬ ውስጥ ግንድ ላይ አሰሩት። እንዲያስነሣው ሐድጉን ጠሩ። ውሃውን የሚያቀዘቅዝለት ራዲያተር የለውም፤ «እሱ በኋላ ይገጠማል» አለ ከማሉዲን። ለጊዜው አንድ በርሜል ከፍ አድርገው አስቀመጡና ውሃው በጎማ ወደ ሞተሩ እንዲገባ፣ በሌላው ወገን ወደ መሬት እንዲፈስ አደረጉ። ከዚያ ከማሉዲን ዞር ብሎ አየኝ።

«ራህመት! ውሃ!»

ቦኖው ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ይርቃል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሄድኩ። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ጀሪካን ተሸከምኩ። ለመግዣዬ የመጣውን ሞተር እኔው ውሃ ሳጠጣ፣ እነሱ ከቁርቁራው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጫታቸውን ይቅማሉ። «ድምፁን ስሙልኝ፤ ንብ እኮ ነው!» ይላል አንዱ። «ማሻአላህ» ይላል ሌላው። በርሜሉ ሲጎድል ከማሉዲን ይጮኻል፤ እኔ እሮጣለሁ።

ስድስተኛውን ጀሪካን ገልብጬ ስመለስ ከሞተሩ የሚወጣው ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ላጠኝ። ቆሜ በርሜሉን አየሁ፤ መሬት ላይ የሚተነውን ውሃ አየሁ። ከዚያ ሐድጉን አየሁት። ዓይኑን ሰበረ።

«ታውቃለህ አይደል?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ወንዝ የለመደ ሞተር ነው» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ውሃ ሲያልፍበት ነው የኖረው። ራዲያተር ብንገጥምለትም በዚህ ቆላ አይበቃውም።»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?»

«ሰውየው የቀበሌ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ የልጆች አባት ነኝ።»

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ እሱ ነው። የሚያውቅ ሰው ዝም ሲል ከማያውቀው ይብሳል። ወደ ቦኖው ሄጄ ሰባተኛውን ጀሪካን ሞላሁ፤ ተሸክሜ መጣሁ፤ ከበርሜሉ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጥኩትና ተቀመጥኩበት።

«ውሃ!» አለ ከማሉዲን።

ከጀሪካኑ ላይ አልተነሣሁም።

«አትሰሚም እንዴ? ውሃ!»

የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ከሁሉም በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳል ሳል አለው፤ ቀጥሎ እንፋሎቱ ፊሽ ብሎ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ጥለው ተነሡ። ከማሉዲን ሮጦ ጀሪካኑን ከሥሬ ነጥቆ፣ ቀዝቃዛውን ውሃ እንዳለ በጋለው ሞተር ላይ ገለበጠበት። ቋ! አለና ቀጥ አለ።

«ቴስታታው ተሰነጠቀ» አለ ሐድጉ። «የሞተሩ ራስ የለም በሉት።»

«ሆን ብላ ነው!» ብሎ ከማሉዲን እጁን አነሣ። «አሻጥር ነው! አሻጥረኛ!»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰው ያስበላ ነበር። ሸህ ሙሀመድሰይድ ግን የከማሉዲንን እጅ ያዙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ውሃውን ለምን አቆምሽ?»

«አንቱ ይንገሩኝ እንጂ! አውቶቡሱ ዋጃ ሜዳ ላይ ሃምሳ ሰው ጭኖ ሲሄድ ጀሪካን ተሸክሜ ከጎኑ ልሩጥ?»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። ሸሁ በርሜሉን አዩ፤ ሞተሩን አዩ፤ የተላጠ እግሬን አዩ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «እንከን አለበት። መህር አይሆንም።»

እፎይ አልኩ። ምን ያለሁ ሞኝ ነኝ!

«ይሁን፣ ሞተሩ ይቅር» አለ ከማሉዲን። «በፈንታው ሁለት ግመል እሰጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። የግመሎቹን ዕድሜ ጠየቁ። አንዷ ግመል ታነክሳለች፣ አታነክስም ብለው ተከራከሩ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ።

«ሸህ ሙሀመድሰይድ!» ብዬ ጮኽኩ። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ባል የሞተባት ሴት በአንደበቷ ካልፈቀደች ኒካሕ የለም ብለው ያስተማሩን አንቱ አይደሉም?»

«ዝም ስትዪ፣ ውሃውንም ስትቀጂ፣ የፈቀድሽ መስሎን ነው» አሉ።

«እንግዲያው አሁን ይጠይቁኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ራህመት፣ ከማሉዲንን ታገቢያለሽ?»

«አላገባም።»

በዚህች አንድ ቃል ነገሩ ሁሉ አለቀ። ከማሉዲን የግቢዬን በር በእርግጫ መትቶ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹም ፎጣቸውን እያራገፉ ተከተሉት። ሸህ ሙሀመድሰይድ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ምነው ልጄ» አሉኝ በሐዘኔታ፤ «ይህን ቀድመሽ ብትናገሪ ኖሮ የሰው ንብረት ባልጠፋ።»

«ቀድማችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ!» አልኳቸው።

ወጥተው ሄዱ። ሐድጉ ዕቃውን ሰብስቦ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ነገ አላማጣ እንሄዳለን» አልኩት። «ያንን ሞተር እኔ ራሴ ቆሜ እያየሁ ነው የምትፈታው። ስለ እሱም የምታውቀው ነገር ካለ፣ አሁን ተናገር።»