የቢጫዋ መኪና ኮፈን

ፊልሙ እንደገና ተላቀቀ። ያውም ለሦስተኛ ጊዜ፣ ያውም እዚያው ቦታ፣ ከቢጫዋ የስፖርት መኪና ኮፈን ፊተኛ ጠርዝ ላይ፣ በግራ መብራቷ በኩል። ባለቤቱ መኪናዋን ግቢያችን ውስጥ አቁሞ ወረደና መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያው ነገር ደግሞ ብቅ ማለቱን ነገረን። አክስቴ ጎንበስ ብላ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየች፤ መኪናዋን ሳይሆን የገዛ እጇን።

"እጄ ከድቶኛል" አለች። "በቃ።"

አክስቴ በቃ ካለች በቃ ነው። ጎረቤታችን ጎሚስታው የሥራ ክፍላችንን ለጎማ ማከማቻነት ልውሰደው ካለ ሰንብቷል፤ እሷም መልሷን ዛሬ ጠዋት እንደምትሰጠው ቃል ገብታለታለች። ከቁርስ በፊት መልሱን እኔም እሷም አናውቀውም ነበር። አሁን ሁለታችንም አወቅነው።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ውድ መኪና የገዛ ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። መንገድ ላይ የሚፈናጠር ጠጠር፣ የወፍ ኩስ፣ የአላፊ አግዳሚ ቁልፍ፣ የጎረቤት ድመት፣ ሁሉም ቀለሙን ሊጭሩበት የተማከሩ ይመስለዋል። እኛ ቀለሙ ላይ ዓይን የማያየው፣ ላስቲክ መሰል ቀጭን ፊልም እናለብስለታለን። ጠጠሩ ቀለሙን ሳይሆን ፊልሙን ይመታል፣ ሰውዬውም ይተኛል። ሥራው ካማረ ማንም ሰው መሠራቱን አያውቅም፤ ከተበላሸ ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያውቃል። እናቴ፣ የአክስቴ ታናሽ እህት፣ ሶፋን በፕላስቲክ ሸፍኖ እንግዳን መሬት ከማስቀመጥ አይለይም ትላለች። ጎሚስታው ደግሞ "የመኪና ካልሲ ሰፊዎች" ይለናል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንቼ፣ ሥራ እስካገኝ ብዬ ነበር አክስቴ ዘንድ የገባሁት። ሥራውን አገኘሁ፤ አልሄድኩም። ስለ ሙጫ ማሰብ ደስ ይለኛል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አክስቴ በር፣ ስፖኪዮና እጀታ ትሰጠኛለች። ኮፈን ግን አትሰጥም። ኮፈን የመኪና ፊት ነው፣ ፊት ደግሞ ለተማሪ አይሰጥም ባይ ናት። በሥራ ክፍሏ ውስጥ ወለሉ አቧራ እንዳያስነሳ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ፀጉር ይሸፈናል፤ ሹራብ ለብሶ መግባት ክልክል ነው፤ ማስነጠስ ያማረው ሰው ቤቱ ሄዶ ያስነጥሳል። ፊልም በእጇ ይዛ ሳለ ትንፍሽ ያለ ወዮለት።

ይህ ደንብ የማይሠራው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ሥራው ተበላሽቶበት በተመለሰ ደንበኛ ላይ። የተመለሰ ሥራ ለአክስቴ ውርደት ነው፤ ውርደቷን ደግሞ አትደብቅም። ሰውዬውን እንደ ሌሎች ጋራዦች ውጪ ሶፋ ላይ ጋዜጣ አስታቅፋ አትተወውም። ፀጉሩን ትሸፍንና ሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ አፍንጫዋ ሥር፣ በርጩማ ላይ ታስቀምጠዋለች። አሮጌውን ፊልም ልጣ አዲሱን አልብሳ እስክትጨርስ ድረስ እያንዳንዱን ነገር እያሳየች፣ ለምን እንዲያ እንደምታደርግ እየነገረች ትሠራለች። ሰው ያመነ መስሎ ከሚሄድ አይቶ ይሂድ ነው ነገሩ። አብዛኛው ደንበኛ ይህን እንደ ቅጣት ቆጥሮ ስልኩን ሲነካካ ያረፍዳል።

የቢጫዋ ባለቤት ግን ስልኩን አልነካም።

የጥርስ ሐኪም ነው፤ ዶክተር ነው የምንለው። ሚስቱን ከቀበረ ዓመታት አልፈዋል። ሴቶች ልጆቹ ተራ በተራ አግብተው ሲወጡ ቤቱ ሰፋበት መሰለኝ፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ መኪና ገዛ። ልጆቹ አብደሃል አሉት። ፍጥነቷን ስለሚፈራ እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ነው የሚነዳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርዙ ተነሳ ብሎ ሲመለስ በርጩማው ላይ ኩርምት ብሎ ተቀመጠና ውሃው ውስጥ ለምን ሻምፑ እንደምትጨምር ጠየቃት። አክስቴ ነገረችው፤ ፊልሙ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ እንዲንሸራተት ነው። እሱም በጥርስ ሥራ ነገሩ ተቃራኒ እንደሆነ፣ ጠብታ ምራቅ እንኳ ሙጫውን እንደሚያበላሽበት ነገራት። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ማቆሚያ አጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ እኔ በሚቀጥለው ክፍል ስፖኪዮ እያለበስኩ አክስቴ ስትስቅ ሰማኋት። ፊልም ይዛ ስትስቅ ሰምቼ ስለማላውቅ የሆነ ነገር የወደቀባት መስሎኝ ሮጬ ነበር።

አክስቴ አላገባችም። ለምን ሲሏት ጊዜ አላገኘሁም ትላለች፤ ጠያቂው ካላቆመ ደግሞ አንተስ አግብተህ ምን አተረፍክ ብላ ታባርረዋለች።

እንግዲህ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ በርጩማው ላይ አስቀመጠችው። መኪናዋን እሷው ራሷ ወደ ሥራ ክፍሉ አስገባች፣ ፀጉሩን አስሸፈነችው፣ ከዚያ ይህ የመጨረሻው ሥራዋ መሆኑን እንደ ቀላል ነገር ነገረችው። የሰው ንብረት በማይታመን እጅ አልነካም፣ ያንተን አስተካክዬ በሩን እዘጋለሁ አይነት ነገር ነው ያለችው፤ እርግጥ በአንቱታ። የሐኪሙ ፊት ከመኪናዋ በላይ ቢጫ ሆነ። እሷ ውሃ ልታሞቅ ወደ ጓዳ ሄደች።

እኔ ትዕግሥት የለኝም፣ ስለዚህ ጠርዙን ራሴ ለማየት ተንበረከክሁ። በራሱ ጊዜ የተላቀቀ ፊልም አቧራ ከሥሩ ይገባበትና ሙጫው ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። ይህኛው ሙጫ ግን ንጹሕ ነበር፤ በጣቴ ብነካው ያዘኝ። የተነሳው ዛሬ ነው ማለት ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ መርፌ የወጋት የምትመስል ነጥብ አለች። ጓዳ ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት። አልሰማችኝም። ሰው በገዛ መኪናው ላይ እንዲህ አያደርግም፣ ሰበብ አትፈልጊልኝ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እጇን እንፋሎቱ ላይ ዘርግታ ጣቶቿን ትከፍትና ትዘጋ ነበር። አናደደችኝ።

ተመልሼ ሐኪሙ ፊት ቆምኩ። ከሸሚዙ ኪስ ጫፏ ቆልመም ያለ ቀጭን ብረት ብቅ ብላለች። አውቃታለሁ፤ አንድ ጊዜ መንጋጋዬን የመረመረባት ናት።

"ዶክተር፣ ዛሬ ሥራ የለኝም አላሉም?"

"የለኝም።"

"ታዲያ የማንን ጥርስ ሊያዩ ነው ይህን የያዙት? የመኪናዋን?"

እጁ ሳያስበው ኪሱን ሸፈነ። ከዚያ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ አወጣው፤ ለካስ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ እውነት ነው፤ መኪና ማጠቢያ ውስጥ የውሃውን ቱቦ ጠርዙ ላይ ደቅነውበት ነው የተነሳው። ተናዶ መጣ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ እና ቤቱ ባዶ ከሆነ ወዲህ እንዲህ ያለ ጠዋት አሳልፎ እንደማያውቅ ሲመለስ መንገድ ላይ ገባው። ከዚያ ፊልሙ ደግሞ እስኪነሳ ጠበቀ። ፊልሙ አልነሳም አለው። ይህን ሲነግረኝ ቅሬታ ነበረው።

"ሰው እንዲህ ሲሆን ስልክ ይደውላል" አልኩት።

"ደውዬ ምን እላለሁ?"

"ሻይ ልጋብዝዎ ይላሉ።"

"እምቢ ብትለኝስ? ፊልሙ ተነሳ ስላት ግን እምቢ አትልም።"

ክርክሩ ስህተት አይደለም፣ ለዚያ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። ስለ ጎሚስታው አያውቅም ነበር፤ ነገርኩት። ክፍሉ ከዛሬ ጀምሮ ጎማ ሊቆለልበት እንደሆነ፣ አክስቴ ጓዳ ውስጥ እጇን እየመረመረች እንደሆነ፣ ይህም ሁሉ በዚያች ቆልማማ ብረት ምክንያት እንደሆነ ነገርኩት። ውሃው ከመፍላቱ በፊት እሱ ካልተናገረ እኔ እንደምናገርም ጨመርኩለት። ሲነሳ በርጩማው ተገለበጠ።

አክስቴ የውሃ መርጫውን ይዛ ገባች። ተቀመጡ፣ አቧራ ያስነሳሉ አለችው። አልተቀመጠም። ብረቷን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላት።

"እኔ ነኝ የማነሳው" አለ። "እጅዎ ምንም አልሆነም። እዚህ መቀመጥ ስለምፈልግ ነው።"

አክስቴ መርጫውን አስቀመጠች። ብረቷን ከእጁ ተቀበለችው፣ መኪናዋን ዞረች፣ በቀኝ መብራቷ በኩል፣ ማንም ያልነካው ጠርዝ ፊት ተንበረከከች። የብረቷን ጫፍ ከፊልሙ ሥር ለማስገባት ሞከረች። አዳለጣት። ደግማ ሞከረች፣ በጎን፣ ከዚያ ከሥር። የገዛ ሥራዋን ለመንቀል እንዲህ ስትታገል ግንባሯ ላይ ላብ ብቅ አለ። ፊልሙ ፍንክች አላለም። ከንፈሯ በአንድ ወገን ሲነሳ አየሁ።

"ምን ያህል ፈጀብህ?" አለችው ቀና ሳትል።

አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ሐኪሙ ነገሩን እንደ ሽልማት ተቀበለው፣ ጆሮው ድረስ ቀላ።

"ያለፈውን አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ" አለ። "የዛሬውን ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ነው የጀመርኩት። እመኚኝ፣ መንጋጋ መንቀል ይቀላል።"

አክስቴ መሳቅ ጀመረች። በመጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በትከሻዋ፣ በኋላ የተገለበጠውን በርጩማ አንስታ ተቀምጣ፣ የፀጉር መሸፈኛዋን አውልቃ ዓይኗን እየጠረገችበት ሳቀች። እኔም ሳቄ መጣ፤ ንዴቴ ገና ስላላለቀ ሁለቱ አፌ ላይ ተጋጩ። ከዚያ አክስቴ ሳቋን ሳትጨርስ ቁጣውን ጀመረችው። እሷ እጇን በሙቅ ውሃ ስትዘፈዝፍ መሰንበቷን፣ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ማሰቧን፣ እሱ ግን እዚያ ተቀምጦ ስለ ሻምፑ ሲጠይቅ አለማፈሩን አወረደችበት።

"ሐኪም ዘንድማ ብትመጪ ኖሮ..."

"የጥርስ ሐኪም ምን ሊያደርግልኝ? በጥርሴ አልለጥፍ!"

ፍርዱንም እዚያው ሰጠች። ያበላሸውን እሱ ራሱ ይጠግናል። የተነሳችውን ጠርዝ ቆርጣ አወጣች፣ በልኳ አዲስ ፊልም ቀደደችለትና መርጫውንና የላስቲክ መጥረጊያውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እኔ ስንት በር ለጥፌ ያላገኘሁትን ኮፈን መኪናውን በብረት ለሚወጋ ሰው መስጠቷ ምን የሚሉት ፍትሕ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከእንግዲህ የሚመጣው ኮፈን የእኔ እንደሚሆን ነገረችኝ፤ አሁን ግን ዝም ብዬ ትዕይንቱን ልይ አለችኝ። የሚታይ ነገርማ ነበር። ሐኪሙ ውሃውን ከኮፈኑ ይልቅ ሱሪው ላይ ረጨው። ፊልሙ እጅጌው ላይ ተጣበቀ፣ ከእጅጌው ሲላቀቅ አገጩ ላይ ተጣበቀ። በሰው አፍ ውስጥ በመስታወት እያየ የሚሠራ ሰው እንዲህ እጅ የሌለው ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። በመጨረሻ ፊልሙን ቦታው ላይ አሳረፈው፤ መሀሉ ላይ ግን እንደ አሮጌ ሰው ግንባር ተሸብሽቧል፣ ከሥሩም አረፋ ቀርቷል።

"ይላጥ?" አልኩ።

"ሽብሽቡ እንዲሁ ይቀራል" አለች አክስቴ። "ሰው ይህን ማን ሠራልህ ሲለው ስሙን ይናገር።"

"ደስ ይለኛል" አለ ሐኪሙ፤ ቀልዱን አይደለም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ መጥረጊያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና እኔን ሰረቅ አድርጎ አየኝ። ዓይኔን አፈጠጥኩበት። "ከዚህ በኋላ ግን... ሻይ ልጋብዝሽ ብልስ?"

አክስቴ ቱታዋን እየፈታች አሰበች። የእውነት አሰበች ማለቴ አይደለም፤ መልሱ ፊቷ ላይ ነበር፣ ትንሽ ልታስጨንቀው ነው።

"ሻዩ ይቆይና" አለች፣ "በዚች መኪና እንወጣለን። መሪውን ግን እኔ ነኝ የምይዘው፣ አንተ ጎኔ ትቀመጣለህ። ስትነዳ እንዳየሁህ ከሆነ ከግቢ ሳንወጣ ይመሽብናል።"

ከውጭ ጎሚስታው አክስቴን ሲጠራ ተሰማ። ክፍሉን ሊለካ ሜትር ይዞ እንደመጣ ለማንም አልደበቀም። አክስቴ ቱታዋን ሚስማር ላይ ሰቀለች፣ ፀጉሯን በጣቷ አስተካከለች። ሐኪሙ ሊከተላት ከጎኔ ብድግ አለ።

"አንተ ወዴት ነው?" አለችው። "ያቺን አረፋ ሳታወጣ አትነሳም። እኔ ይህ ሰውዬ ጎማውን ሌላ ቦታ እንዲቆልል ነግሬው እመጣለሁ።"

ወጣች፣ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።