ሰባቱ የዝናብ ልኬቶች

ከዚህ በታች አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ! ደግሞ ብቻዬን አልነበርኩም፤ እትዬ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድሜ ሚስት፣ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

ወንድሜ የዝናብ ውሃ እያፈላ፣ ደርቆ የሚቀረውን አቧራ ሲመዝን አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ። ሲሞት መዝገቡ ሰባት ልኬት ጎደለው። ሰባቱ ያሉት በላቦራቶሪው አሮጌ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ሆድ ውስጥ ብቻ ነው፤ የሚዛኑ መስኮት ደግሞ ተሰብሮ ቁጥር አያሳይም። በዚያ ላይ በአሥር ሰዓት ከነኮተቱ ተጭኖ ሊጣል ነው። እትዬ የባሏ ሥራ ሞልቶ በስሙ እንዲታተም ትፈልጋለች። ማን ተጠራ? እኔ!

የቤቴን ኮምፒውተር ተሸክሜ ስገባ ላቦራቶሪው በሙሉ ቆሞ ተቀበለኝ። ኮምፒውተሩን ከሚዛኑ የሚያገናኘውን ገመድ እዚያው በየድኩት፤ አንዱ ሽቦ ይልካል፣ አንዱ ይቀበላል። መሐንዲስ ወር የሚፈጅበትን በሩብ ሰዓት!

«ኧረ ቀስ በል፣ ጣትህን እንዳታቃጥል» አለች እትዬ።

«እኔን ነው? እሳት ራሱ ይፈራኛል!»

ከዚያ «ስንት ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ እያንዳንዱን ፊደል ደገመው፦ «ስስንንትት»። ወንድሜ እንዲህ ነበር የሚንተባተበው። ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው ነጭ የሥራ ጋዋኑ፣ ማንም ሳይነካው፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ አለ።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ?»

እጄን ወደ ላይ አንስቻለሁ፤ ቁልፍ የነካ የለም። ሰባት ቁጥሮች ተራ በተራ ወረዱ። ሰባተኛው እንደወጣ ጫኞቹ በሩን አንኳኩ። ሚዛኑ ሄደ፤ ሥራው ግን ዳነ!

ይህን ጽፌ ለእትዬ አነበብኩላት። መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ጠራረገች።

«እኔም ፊደሉ ሲደጋገም ክው ብዬ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ኋላ ወደ ሚዛኑ የሚሰካውን ጫፍ ጭንህ ላይ አየሁት። አልሰካኸውም። ሁለቱ ሽቦዎች በብየዳው ተጣብቀው፣ የጻፍከው ወደ ራስህ ይመለስ ነበር። ቁጥሮቹንም የጻፍካቸው አንተ ነህ፤ እያለቀስክ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጋሼ እያልክ ስትጠራው እንዴት ብዬ ላቋርጥህ? መዝገቡን ለማተሚያ ቤቱ የላክሁት ሰባቱን መስመር ባዶ ትቼ ነው።»