ከጮኸ ሰው ነው

በዚያ ክረምት የእትዬ አመለሸጋ ደወል በጮኸ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ባለበት ይቆም ነበር። እሳቸው የያዙትን ጥለው «ማዕረጌ!» እያሉ ወደ አጥሩ በር ይሮጣሉ። ሲከፍቱት ብዙውን ጊዜ ነፋስ ነው። ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ ከጎጆ ከተማ ወደ አምቦ ገበያ የሚነዳ በግ ነው።

ማዕረግ አንድ ልጃቸው ነው። ወደ ሰሜን ከመዝመቱ በፊት፣ ከገመድ ላይ ልብስ የሚያነሳ ሌባ ስላስመረራቸው ይህን ደወል ሠራላቸው። ደወሉንና የባትሪ ድንጋዮቹን እናቱ አልጋ ራስጌ አስቀመጠ፤ ከዚያ እስከ አጥሩ በር ሽቦ ዘረጋ። በበሩ መቃን ላይ ከቆርቆሮ የተቆረጠች ምላስ አለች። በሩ ሲዘጋ ይጫናታል። ሲከፈት ተፈናጥራ ሚስማር ትነካለች፤ ያኔ ደወሉ ይጮኻል፤ በሩ ተመልሶ እስኪዘጋም አያቆምም።

ልጁ ከሄደ በኋላ እናቱ የበሩን ቁልፍ አነሱ። «ድንገት ቢመጣ ውጭ ይቁምብኝ?» አሉ። ደወሉን ግን አልነኩትም። «ደሞዝ የማይጠይቅ ዘበኛዬ» ይሉታል።

እኛ ጎረቤቶቹ ማዕረግ እንደማይመጣ አውቀናል። ወሬው በቀበሌ በኩል ለእድራችን ዳኛ ለኦቦ ፉፋ ደርሶ፣ እሳቸው ለእኛ ነግረውናል። መርዶው ግን እህታቸው ሳትመጣ አይነገርም ተባለ። ያለ ሥጋ ዘመድ እናትን ማርዳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እህታቸው እንግዳወርቅ ያለችው ካቺሲ ነው፤ መንገዱን ደግሞ ጭቃ ዘግቶታል። በእግር ሰው ተላከባት። እስክትደርስ እያወቅን ዝም አልን። ደወሉ ግን ዝም አላለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እኔ በራፌ ላይ ቆሜ ሳለ ጮኸ። እትዬ አመለሸጋ ልብስ እያጠቡ ነበር መሰለኝ፣ ክንዳቸው ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ወጡ። አንድ ሙክት በሩን ተደግፎ ጎኑን ያካል። ነጂው በጉን ጎተተና፣

«ሃደ ኮ፣ እናቴ፣ ይቅርታ፤ ይሄ ባለጌ ነው» አላቸው።

«ባለጌስ ዘበኛዬ ነው! ሌባ ጠብቅ ቢሉት በግ ይጠራልኛል። ይልቅ አንዱን ለእንቁጣጣሽ ተውልኝ!»

ነጂው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ በጎቹ አልፈው እስኪያልቁ በሩን ይዘው ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ፉፋ ቤቴ መጡ። ዱላቸውን ሳያስቀምጡ፣

«ማል ጎና፣ ደግፌ? ምን እናድርግ?» አሉኝ። «ዛሬ ሚስቴ ያን ደወል ሰምታ አለቀሰች። እንዲህ ከቀጠለ ነገሩ ከአፋችን ያመልጣል። ዝም አሰኝልን።»

«ኦቦ፣ እኔ የምመረምረው የስንዴ ዋግ ነው እንጂ ሽቦ አይደለም።»

«ሬዲዮዬን የሠራው ስንዴ ነው እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። በሰፈሩ ካቻቪቴና ማጉያ መነጽር ያለኝ እኔ ስለሆንኩ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ፒንሳዬን ይዤ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይህ ነገር በከንቱ እያስሮጠዎት ነው። ለጊዜው ልንቀለው?»

«ምን አልክ?»

«ለጊዜው ነው።»

«እኔ መሮጥ ሰለቸኝ አልኩህ? ልጄ በእጁ የሠራውን ልትነቅል! አንተ ደግሞ ተማርኩ ትላለህ። የሚዋሽ ልጅ እውነት መናገር ይማራል እንጂ ምላሱ ይቆረጣል?» አሉና ፒንሳውን ከእጄ ወሰዱት። ጥቂት ቆይተው መለሱልኝ። «አስተካክለው። ማዕረግ ሲመጣ ብቻ ይጩህ።»

እምቢ ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። ወደ በሩ ሄጄ ተንበረከክሁ።

በሥራዬ የለመድኩት ምክንያቱን ከመሰየሜ በፊት ምልክቱን ማየት ነው። በቆርቆሮው ላይ በበግ ቁመት ልክ የሱፍ ክር ተጣብቋል። የላይኛው ማጠፊያ ሚስማሩን ለቋል። የበሩ ቋሚ በዝናቡ ለስልሶ ወደ ውጭ ዘሟል። ስለዚህ በሩ ተዘግቶም ይወዛወዛል፤ ትንሽ በተገፋ ቁጥር ምላሷ ሚስማሩን ትነካለች። የልጁ ሥራ እንከን አልነበረበትም። የላላው በሩ ነው።

ቋሚውን በድንጋይ አጸናሁት። ማጠፊያውን አጠበቅሁ። ሚስማሩን ወደ ኋላ አራቅሁት፤ ምላሷን በብርጭቆ ወረቀት ጠረግኋት። የደከሙትን የባትሪ ድንጋዮችም ሱቅ ሄጄ በአዲስ ለወጥኋቸው። ከዚያ በሩን ነቀነቅሁት፤ በትከሻዬ ገፋሁት፤ በእግሬ መታሁት። ዝም። እጄን በበሩ ቀዳዳ አስገብቼ መቀርቀሪያውን አንስቼ ስከፍተው ደወሉ ከቤት ውስጥ ጥርት ብሎ ጮኸ።

እትዬ አመለሸጋ ደጃፉ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«እንግዲህ ከጮኸ ሰው ነው?»

«ሰው ነው።»

«ካልጮኸስ?»

«ካልጮኸ ማንም አልመጣም።»

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ሥራዬ አምሮልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሲስሙኝ ግን ምን ደብቄያቸው እንደቆምኩ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ነፋስም በግም አላስጮኸውም። የሚያስጮኸው ሰው ብቻ ሆነ፤ ይህ ደግሞ ባሰ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ወይዘሮ አስያ ወንፊት ልትዋስ በሩን ስትከፍት፣ እትዬ አመለሸጋ እጃቸውን ዘርግተው ወጥተው እሷን ሲያዩ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። አስያ ወንፊቱን ሳትወስድ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳንመካከር ሁላችንም አንድ ነገር ለመድን፤ መቀርቀሪያውን ከመንካታችን በፊት «እትዬ፣ እኔ ነኝ! ደግፌ ነኝ!» እያልን ስማችንን መጥራት። ስሙን ሳይናገር በሩን የሚከፍት ማዕረግ ብቻ ሆኖ ቀረ።

እንግዳወርቅ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ደረሰች። ኦቦ ፉፋ ቤት አሳደርናት። እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ፣ እትዬ ከቤት ሳይወጡ፣ ተሰብስበን እንድንገባ ተወሰነ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ኦቦ ፉፋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ደወሉስ?»

«ስማችንን እንጠራለና» አለች አስያ።

«ያ ሁሉ ሰው በጎህ ስሙን እየጠራ? በር ላይ ልናረዳት ነው?» አሉ ኦቦ ፉፋ።

«ካልጠራን ደግሞ ማዕረግ መጣ ብላ በደስታ ነው የምትወጣው» አለች እንግዳወርቅ። «በዚያ ደስታ ላይ ነው ወይ የምነግራት?»

«የበሩን ምላስ እኔ እይዛለሁ» አልኩ።

ጭጋግ ነበር። የሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ከታች ይሰማል። እጄን በመቃኑና በአጥሩ መሃል አስገባሁ፤ ምላሷን በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። ኦቦ ፉፋ መቀርቀሪያውን አነሱ። ሰዎቹ አንድ በአንድ በጎኔ አለፉ። የመጨረሻው ሲያልፍ በሩን ዘግቼ ተከተልኩ። ድምፅ አልወጣም። በጥንቃቄ የሠራሁት ነገር ነበር።

እትዬ አመለሸጋ ነቅተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ በሰው ሲሞላ እህታቸውን አዩ። ኦቦ ፉፋ ቃሉን ተናገሩ። እንግዳወርቅ «እህቴን! ማዕረጌን!» ብላ ደረቷን መታች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት።

እሳቸው አላለቀሱም። ራስጌአቸው ወዳለው ደወል ዞረው አዩ። ከዚያ ከሰው መሃል እኔን ፈለጉ።

«ደወሉ አልጮኸም» አሉ።

ከእኔ በቀር የገባው ሰው አልነበረም።

«ደግፌ፣ አንተ አይደለህም ያልከኝ? ካልጮኸ ማንም አልመጣም። እነሆ፣ አልጮኸም።» ተነስተው የእህታቸውን እጆች ከደረቷ ላይ ያዙ። «ተይ አንቺ። በልጄ ላይ አታሟርቺ። መንገዱ አድክሞሻል፤ ነይ ጋደም በይ።»

ሴቶቹ ልቅሷቸውን አቋረጡ። እንግዳወርቅ እጆቿ እንደተያዙ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ማል ጎና?» አሉ ኦቦ ፉፋ በሹክሹክታ።

ወደ ፊት ወጣሁ። «እትዬ፣ ምላሷን ይዣት ነበር።»

«ማን?»

«እኔ። እንዳይደነግጡ ብለን።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። በሩን ስጠግን እንዳዩኝ ዓይነት ነው፤ ሥራዬን ሲመረምሩ። የእህታቸውን እጆች ለቀቁና አልጋቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ።

«እንግዲያው ሂድና ክፈተው» አሉ።

ወጣሁ። በግቢው ውስጥ እስከ በሩ ድረስ የእግራችን ዱካ በጭቃው ላይ ተደራርቧል። መቀርቀሪያውን አንስቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ደጅ ላይ ጭጋግና ባዶ መንገድ ብቻ ነበር። ከኋላዬ ደወሉ ጥርት ብሎ ጮኸ።

ከዚያ የእሳቸው የለቅሶ ድምፅ መጣ።

በሩን መልሼ ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። ግን ጩኸቱን የሰሙ ሰዎች ከየቤታቸው እየወጡ ነበር፤ የለቅሶ ቤት በር ደግሞ አይዘጋም። ክፍቱን ተውኩት። አንድ ሰው ሽቦውን ከራስጌአቸው ሊነቅል ቢጠጋ፣ እትዬ አመለሸጋ ክንዳቸውን የባትሪ ድንጋዮቹ ላይ ጥለው ከለከሉት። ለቀስተኛው ሁሉ በደወሉ ድምፅ ሥር ገባ፤ በዚያ ድምፅ ሥር ተቀመጠ። ድንጋዮቹ አዲስ ስለነበሩ ቶሎ አልደከሙም። ድንኳኑ ተተክሎ የማዕረግ አባት ወገኖች ከጉደር ሲደርሱም ገና ይጮህ ነበር፤ በኋላ እየቀጠነ፣ እየተቆራረጠ ሄደ።

በሩ ክፍት እንደሆነ ደወሉ ዝም አለ።