ቀለሙ አልደረቀም

በዚያ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ሰሞኑን ጣቱ አረንጓዴ ነበር። ጥፋቱ የጋሽ ብሩሽ ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ያለችው ክፍል ከተሰጠቻቸው ቀን ጀምሮ በየማለዳው እየተነሱ በራቸውን ይቀባሉ። ቀብተው ሲጨርሱ ካርቶን ላይ «ቀለሙ አልደረቀም፤ አትንኩ» ብለው ጽፈው ያንጠለጥላሉ። በማግስቱ በሩ ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው ደግሞ አንድ እጅ ይደርቡበታል። ጎረቤቶች መጀመሪያ «እሰይ፣ ቤት የሚወድ ሰው መጣ» አሉ። ኋላ ግን «ሰውዬው በሩን ሊያወፍረው ነው እንዴ?» መባባል ጀመሩ።

ጋሽ ብሩሽ ዕድሜ ልካቸውን ቀለም ቀቢ ነበሩ። የሰው ሳሎን፣ የሰው መኝታ ቤት፣ የሰው በር ሲያሳምሩ ኖረው ከመሰላል ወድቀው ወገባቸው ሲጎዳ ሥራው ቀረ። ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው ደግሞ ቤቱም ከእጃቸው ወጣ። ከዚያ በኋላ ማደሪያቸው አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ፣ የሱቆቹ በረንዳ ሆነ። እዚያ ገና ሲነጋጋ ባለሱቆቹ ይመጡና የብረት መዝጊያውን ኳ ኳ ያደርጉታል። ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ተነስ፣ ሂድ። ጋሽ ብሩሽም ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው «እሺ፣ እሺ» እያሉ ይነሳሉ። እንዲህ ያለ ነገር ለዓመታት ሲደጋገም ሰው ሳያስበው በራሱ የሚሠራው ነገር ይሆናል።

እንደሳቸው ያሉ አረጋውያንን ከጎዳና እያነሳ ቤት የሚያስገባ አንድ ድርጅት አለ። እዚያ የምትሠራውን ሴት ሁሉም «አለቃ» ይላታል። ስለምታዝ አይደለም፤ አንድ ነገር ከጀመረች ዳር ሳታደርስ እንቅልፍ ስለማይወስዳት ነው። አምና ለጋሽ ብሩሽ አንዲት ክፍል አግኝታላቸው ነበር። ገብተው ብዙም ሳይቆዩ የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሠራተኛ መጥቶ በሩን ኳ ኳ አደረገ። ጋሽ ብሩሽ ብርድ ልብሳቸውን ጠቀለሉ፣ በሩን ከፈቱ፣ «እሺ፣ እሺ፣ እየሄድኩ ነው» አሉት፤ ሰውዬው አፉን ከፍቶ እያያቸው ደረጃውን ወርደው ሄዱ። ወደ ልባቸው ሲመለሱ የግቢውን በር አልፈዋል። ተመልሰው ምን ይበሉ? አፈሩ። በረንዳቸው ላይ ሆነው ለአለቃ «ጣሪያው ያፈሳል» አሏት። እሷም የዋህ ናትና ጣሪያ ጠጋኞች ላከች፤ ሰዎቹ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልጉ ዋሉ።

አሁን ይህችን ሁለተኛዋን ክፍል ስትሰጣቸው ነገሩን ፍርጥ አድርጋ ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ አልደብቅዎትም። ወሩ ሲያልቅ ከቤቶች ቢሮ ሰው ይመጣል። ሁለተኛው ቁልፍ እሱ ጋ ነው። እዚህ ሲኖሩ ካገኘዎት ቁልፉን ለእርስዎ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ቤቱ የእርስዎ ሆነ ማለት ነው። ካጣዎት ግን ለሌላ ይሰጣል። ሦስተኛ ጊዜ ላገኝልዎት አልችልም።»

«ምን ሊያስወጣኝ፣ ልጄ! ይሄኛው ጣሪያ እንደሁ አያፈስ።»

«ያኛውም አያፈስም ነበር፣ ጋሼ።»

ጋሽ ብሩሽ ጫማቸውን አዩ።

የቀለሙን ዘዴ ያመጡት ያን ዕለት ነው። እርጥብ በር ማን ያንኳኳል? ማንም! ካልተንኳኳ ደግሞ የሚያስወጣቸው የለም። በብልሃታቸው ተደስተው ለብቻቸው ሳቁ። ያም ሆኖ ጫማቸውን አድርገው፣ ብርድ ልብሳቸውን እንደ ጥቅልል ትራስ ተንተርሰው ነበር የሚተኙት።

ብልሃቱን ያፈረሱት ከፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ ሹራብ ናቸው። እሳቸውም ጎዳናውን የሚያውቁ ናቸው፤ በአለቃ እጅ ቤት የገቡት ከጋሽ ብሩሽ ቀደም ብለው ነው። ሹራብ እየሠሩ ይሸጣሉ፣ ምላሳቸውም ከመርፌያቸው አይተናነስም። አንድ ጠዋት ገና ትናንት የጨረሱትን ነጭ ሹራብ ለብሰው ሲያልፉ እጅጌው በሩን ነካ። አረንጓዴ! እትዬ ሹራብ ካርቶኑን አነበቡ፣ እጅጌያቸውን አዩ፣ ከዘራቸውን አነሱና በሩን ኳ! ኳ! ኳ! አደረጉት።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ብሩሽ ኮታቸውን ለብሰው፣ ብርድ ልብሳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ መሬት መሬቱን እያዩ ወጡ።

«እሺ፣ እሺ፣ እየሄድኩ ነው።»

እትዬ ሹራብ አፋቸውን ሞልቶ የመጣውን ስድብ ዋጥ አደረጉት። «የት ነው የምትሄደው?»

«ተንኳኳ እኮ።»

«ያንኳኳሁት እኔ ነኝ! ልሰድብህ ነው የመጣሁት! ለመሰደብ ደግሞ ሰው ቤቱ መቀመጥ አለበት። ግባ!»

ገቡ። እትዬ ሹራብ አንዷን ወንበር ያዙ፣ ጋሽ ብሩሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ፣ ጥቅልሉም በመሃል። ለማንም ያልተናገሩትን የቆጣሪውን ሠራተኛ ነገር ያወሩት ያኔ ነው። ይስቁብኛል ብለው ጠብቀው ነበር፤ እትዬ ሹራብ ግን አረንጓዴ እጅጌያቸውን ሲያሻሹ ቆዩ።

«እኔ ምን እል እንደነበር ታውቃለህ?» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ የገባሁ ሰሞን በሬ ሲንኳኳ ከውስጥ ሆኜ ‹ሰው የለም!› እል ነበር።»

ጋሽ ብሩሽ ቀና አሉ። «ጮክ ብለሽ?»

«ጮክ ብዬ!»

ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን ያቁመው። እትዬ ሹራብ ሆዳቸውን ይዘው ከወንበሩ ሊወድቁ ደረሱ፣ ጋሽ ብሩሽ ደግሞ እንባቸውን በብርድ ልብሳቸው ጫፍ ጠረጉ። ለመጥረግ ሲሉ ጥቅልሉን እንደፈቱት እንኳ ልብ አላሉም።

ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ ተጀመረ። ጋሽ ብሩሽ ውስጥ፣ እትዬ ሹራብ ከነከዘራቸው ውጭ። ኳ ኳ!

«እሺ፣ እሺ…»

«አልተባለም! ጫማህን አውልቀህ ቁጭ በል። እንደገና!»

ኳ ኳ!

«አቤት!»

«አቤት የሚባለው ሲጠሩህ ነው። ማንነቱን የሚናገረው ደጅ የቆመው ነው እንጂ አንተ አይደለህም። እንደገና!»

ኳ ኳ!

«ግቡ!»

«ማን መሆኔን ሳታውቅ? ሌባ ብሆንስ?»

«ሌባ እኔ ቤት ምን አገኝ ብሎ ይመጣል?» አሉ ጋሽ ብሩሽ ከውስጥ። «መጀመሪያ ‹ማን ልበል?› በል!» አሉ እትዬ ሹራብ ከደጅ።

ወሬው ደረጃውን ወርዶ ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰ። ታች ያለው ጡረተኛ ሹፌር የመኪና ጥሩምባ በሚመስል ምት እያንኳኳ መጣ። ልብስ አጣቢዋ ቅርጫቷን እንደተሸከመች በክርኗ አንኳኳች። በሩ አሁን ደርቋልና ሁሉም እንደልቡ ነው። ጋሽ ብሩሽም ቀስ በቀስ ሰውን በሚያንኳኳበት ምት ለዩ፤ ሹፌሩ ሲመጣ ገና ሳይጠይቁ ይስቃሉ። ልብስ አጣቢዋ «የኔንም በር እንዲህ ባሳመሩልኝ» ብላ ስትጠይቃቸው ሥራ ተገኘ። ቆመው የሚደርሱበትን እሳቸው ይቀባሉ፣ መሰላል የሚፈልገውን ሹፌሩ። በእጃቸው ፍሬ የአልጋ ልብስ ገዙ፣ ነጠላ ጫማም ገዙ። የቀረው የወሩ ማለቂያ ነበር።

ያ ቀን ሲመጣ ጋሽ ብሩሽ ፊታቸውን ሳሙና ቀብተው፣ ግማሹን ጢማቸውን ተላጭተው፣ መስታወቱ ፊት ቆመዋል።

ኳ ኳ።

ይህ ምት የሚያውቁት ሰው አይደለም። የሹፌሩ አይደለም፣ የእትዬ ሹራብ ከዘራም አይደለም። ምላጩ እጃቸው ላይ ቆመ። እጃቸው በራሱ ጊዜ ወደ ብርድ ልብሱ ተዘረጋ። ብርድ ልብሱ ግን አልተጠቀለለም፤ አልጋው ላይ ተዘርግቶ፣ በአዲሱ የአልጋ ልብስ ተሸፍኖ ተኝቷል። ጫማቸውን ፈለጉ፤ ጫማው አልጋው ሥር ነው። እግራቸው ላይ ያለው ነጠላ ጫማ ነው። በነጠላ ጫማ ደግሞ የትም አይኬድም።

«እሺ…» የሚለው ቃል ከአፋቸው ሊወጣ ሲል መለሱት።

«ማን ልበል?»

«ከቤቶች ቢሮ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ብሩሽ መስታወቱን አዩ። አንደኛው ጉንጫቸው ገና ነጭ በነጭ ነው።

«ጢሜን እየተላጨሁ ነው። ትንሽ ይጠብቁኝ።»

«ችግር የለም፣ እጠብቃለሁ።»

ይጠብቃል! የቢሮ ሰው፣ ቁልፍ በኪሱ የያዘ ሰው፣ ደጃቸው ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል! ስንት ቢሮ ደጅ የጠኑት ጋሽ ብሩሽ እንዲህ ያለ ደስታ አይተው አያውቁም። ቀሪውን ጉንጫቸውን ሳይቸኩሉ ተላጩ። ታጠቡ፣ ፎጣውን በሥርዓት ሰቀሉ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገት ቆለፉ። ከዚያም በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ቤት ለእንግዳ! ይግቡ!»

ቀጭኑ የቢሮ ሰው ሁለት እጁን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ በሩን በጎን እያየ ቆሟል። አለቃ ከኋላው ናት፤ አንድ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች ወይስ ትስቃለች፣ አይለይም።

«ቀለሙ ደርቋል?» አለ ሰውዬው። ዝናው ቢሮ ድረስ ደርሷል።

«ደርቋል። እንደልብዎ ይንኩት።»

ሰውዬው ክፍሏን አየ፣ አልጋውን አየ፣ እርጥቡን ፎጣ አየ። ቁልፉን አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረና «ከእንግዲህ ካልከፈቱልን አንገባም» አላቸው። አለቃም «ጋሼ!» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ በእንባዋ አዲስ የተላጨውን ጉንጫቸውን አራሰችው።

እንግዶቹ እንደሄዱ ጋሽ ብሩሽ ቁልፉን ይዘው ፊት ለፊት ተሻገሩና የእትዬ ሹራብን በር አንኳኩ። «ማነው?» ተብለው፣ ማንነታቸውን ተናግረው፣ በወጉ ገቡ።

«ይኸው፣ ያዢው። ሁለት ቁልፍ ምን ያደርግልኛል? አንቺ ጋ ይሁን፣ በፈለግሽ ሰዓት ክፈቺና ግቢ።»

እትዬ ሹራብ ቁልፉን አገላብጠው አዩትና መለሱላቸው። «አልፈልግም። እኔ ማንኳኳት ነው የምፈልገው። ሂድ ቤትህ ግባ።»

ጋሽ ብሩሽ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ፣ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን አልጋቸው ላይ ዘረጉ። ወዲያው ከዘራው መጣ። ኳ! ኳ! ኳ!

ቸኩለው አልተነሱም። «ማን ልበል?» አሉ።

እትዬ ሹራብ ደጁ ላይ ቆመው፣ ሳቃቸው እያነቃቸው፣ ፎቁ ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ።

«ሰው የለም!»

ጋሽ ብሩሽ በባዶ እግራቸው ሄደው ከፈቱላቸው።