የፈታሹ እጅ

ስሙ እርሳስ ይባል እንጂ እርሳስ የሚባለው ብረት በውስጡ የለም፤ የጥቁር ድንጋይ ዱቄትና የሸክላ አፈር ነው። ለዚህ ምስክር የሚፈልግ የእርሳስ ፋብሪካውን ቀላቃይ ትራስ ይይ። ሚስቱ አጥባ አጥባ ግራጫ ላይ ስትደርስ እጅ ሰጥታለች።

ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩ ይገረጣል። ጥቁሩ ሲበዛ መስመሩ ይደምቃል፣ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ልቡ ግን ይልፈሰፈሳል። ቀላቃዩ ቀላቅሎ ለምድጃው ይሰጣል፤ የበሰለው ደግሞ በመስኮቱ አጠገብ ለተቀመጠው ፈታሽ ይቀርባል። ፈታሹ የቀላቃዩ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ከየትሪው አንድ አንድ እያነሳ መስመር ያሰምራል፤ ሥራው ይኸው ነው።

«ድሮ ድንጋዩን በገመድ ጠቅልለው ይጽፉበት ነበር አሉ» ይላል ሲመረው። «ቀጥሎ ሸክላ ቀላቅለው ጋገሩት፣ እንጨት አለበሱት፣ ጭራው ላይ ላጲስ ሰኩለት። እሱ ይኸን ሁሉ መንገድ ሲሄድ እኔ ከዚህች ወንበር አልተነሳሁም።»

ዘንድሮ ግን ፈታሹ ትሪ መመለስ አበዛ።

«አማቼ፣ ይሄ ውሃ ነው። ጥቁር ጨምር።»

ቀላቃዩ ጨመረ። በሳምንቱ «አሁንም ውሃ» ተባለ፤ አሁንም ጨመረ። ከታላቅ ጋር መከራከር ጉልበት ይፈልጋል፣ ጉልበቱን ደግሞ ጆንያ መሸከሙ ጨርሶታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ትምህርት ቤቶች እርሳሱን በካርቶን ይመልሱ ጀመር። መቅረጫ ውስጥ የገባው ሁሉ ተሰባብሮ ይቀራል።

የፋብሪካው ኃላፊ «ቅልቅሉን ያበላሸ ከሰዓት በኋላ ይለይልኛል፤ ዛሬውኑ ይሰናበታል» ብሎ ሄደ። ሲናገር የሚያየው ቀላቃዩን ነበር።

ምሳ ላይ ቀላቃዩ ፈታሹን አየው። የውሃ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሕፃን፣ ቀስ አድርጎ ወደ አፉ ያስጠጋል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። የገረጣው እርሳሱ አልነበረም፤ እጁ መጫን አቅቶት ነው። ቢናገር የሚስቱን ወንድም ያዋርዳል። ሆድ ይፍጀው ቢል ራሱ ይባረራል።

ከመደርደሪያው አንድ አሮጌ የእርሳስ ልብ አወጣ፤ ፈታሹ ራሱ ከዓመታት በፊት «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ለናሙና ያስቀመጠውን። ከአዲሶቹ ጋር ትሪው ላይ ቀላቅሎ አቀረበለት።

ፈታሹ አነሳ፣ አሰመረ። «ውሃ!» አለ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ ዘንድሮ?»

ቀላቃዩ ሊናገር ያዘጋጀው ነገር ነበረው፤ ግን ደከመው። ልቡን ከእጁ ወስዶ ከመስመሩ ሥር ሌላ መስመር አሰመረ። እንደ ኩል ጠቆረ።

ፈታሹ ሁለቱን መስመሮች አየ። አንገቱን አዘንብሎ እንደገና አየ።

«ይሄኛው በየትኛው ነው?»

«በዚያው ነው፣ ጋሼ።»

ፈታሹ ልቡን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጎ አገላበጠው። አወቀው።

ኃላፊው በሩን ገፍቶ ሲገባ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አቀርቅረው ነበር።

«እህ? ጥፋቱ የማን ሆነ?»

ቀላቃዩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ፈታሹ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጣቶቹ ወረቀቱ ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

«የዚች ናት» አለ። «ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ያስጨመረችው እሷ ናት። እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው።»

ኃላፊው እጁን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። ቁጣውን ይዞ የመጣው ለሌላ ሰው ስለነበር የት እንደሚያስቀምጠው ቸገረው። «በሉ እሺ… ሸክላውን መልሱበት» ብሎ ወጣ።

ፈታሹ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ኮቱን መልበስ ሲያቅተው ቀላቃዩ እጅጌውን ያዘለት።

«ለምን ሥራ ተወ ብትልህ ለእህቴ ምን ልትላት ነው?»

«ደክሞታል እላታለሁ።»

«ታምንሃለች?»

«እኔንም ደክሞኛል ብዬ እጨምርበታለሁ» አለና ቀላቃዩ ወደ ሸክላው ጆንያ ሄደ።